ከጥርስ ሥር እስከ ደረት፦ የፊት ውስጣዊ ክፍሎችና ሲቲ ስካን

 

ባለፈው ረመዳን አንድ የዶርም ወንድማችን ጥርሱን ያመው ነበር። በኢፍጣርም በሱሑርም ማስታገሻ እየዋጠ አራት ቀን ቆየ። በአምስተኛው ሌሊት ተምር ስንሰጠው አፉ አልከፈት አለ። ጉንጩ ግን ያን ያህል አላበጠም። «አላበጠም፣ ቀላል ነው» ያልነው እኛው ነን፤ የሕክምና ተማሪዎችም ነበርንበት።

ፊታችን ከቆዳ በታች አንድ ወጥ ሥጋ አይደለም። ፋሺያ የሚባሉ ስስ ሽፋኖች ጡንቻውንና ዕጢውን ለየብቻ ጠቅልለው ብዙ ክፍሎች ይሠራሉ፤ ክፍሎቹም እርስ በርስ ይገናኛሉ። የታችኛው የመጨረሻ መንጋጋ ጥርስ አመርቅዞ መግሉ ወደምናኝክባቸው ጡንቻዎች ከገባ ጡንቻው ይኮማተርና አፍ አይከፈትም። የወንድማችን ይህ ነበር። መግሉ ከምላስ ሥር ወርዶ ሁለቱንም ጎን ከያዘ ደግሞ ምላስን ወደ ላይና ወደ ኋላ ገፍቶ ትንፋሽ ይዘጋል። ጀርመናዊው ሐኪም ሉድቪግ በ1836 እ.ኤ.አ. የገለጸው ሕመም ይኸው ነው፤ ዛሬም በስሙ ይጠራል። ከጉሮሮ ጀርባ ከደረሰ መንገዱ ቁልቁል ነው፤ ደረት ውስጥ እስከ ልብ አካባቢ ሊወርድ ይችላል።

ታዲያ ይህ በምን ይታያል? ኤክስሬይ የጥርሱን ሥርና አጥንቱን እንጂ ሥጋው ውስጥ ያለውን መግል አያሳይም። አልትራሳውንድ ለቆዳ ቅርብ ለሆነ እብጠት ጥሩ ነው፤ ከመንጋጭላ አጥንት ጀርባ ያለውን ግን አያይም። ሲቲ ስካን ፊትንና አንገትን በቀጫጭን ቁራጭ ያሳያል፦ አጥንት ነጭ፣ አየር ጥቁር፣ ጡንቻ ግራጫ፣ ስብ ከጡንቻ የጠቆረ። በክፍሎቹ መካከል ያለው ስብ ጥርት ብሎ ከታየ ደግ ነው፤ ከደፈረሰ ቁጣው እዚያ ደርሷል ማለት ነው። ኮንትራስት በደም ሥር ተሰጥቶ መሐሉ የጠቆረ፣ ዙሪያው እንደ ቀለበት የሚያበራ ነገር ከታየ መግል ሳይቋጥር አይቀርም፤ ብዙ ጊዜም ቀዶ ማፍሰስ ያስፈልጋል። የወንድማችን ከመንጋጭላው ጀርባ ነበር። (ምስሉ ላይ የታማሚው ቀኝ በእኛ ግራ መሆኑን አትርሱ፤ ፈተና ላይ ስንቶቻችንን ጥሎናል!)

ትንፋሽ ላጠረው ሰው ግን ማሽን አይቀድምም። በጀርባ መተኛቱ ራሱ ሊያንቀው ስለሚችል መጀመሪያ የአየር መንገዱ ይጠበቃል። ከአምቦ አዲስ አበባ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ከጉደር ለሚነሳ ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ ምልክቱን ዶርም ውስጥ ሳለን እንወቅ፦ ሁለት ጣት የማያስገባ አፍ፣ ምራቅ መዋጥ ማቃት፣ የድምፅ መለወጥ፣ ከአገጭ ሥር እብጠት፣ ትኩሳት። ከእነዚህ አንዱ ከታየ በዚያው ሌሊት ወደ ሆስፒታል ነው። ከፋርማሲ የተገዛ አሞክሳሲሊን ሕመሙን አስታግሶ መግሉን እዚያው ሊተወው ይችላል።

ጾሙስ? ለታመመ ሰው አፍጥሮ በሌላ ቀን ቀዷ ማውጣት ተፈቅዶለታል። «ለጥርስ ብዬ?» ማለት አያስፈልግም።

ወንድማችን ጥርሱ ተነቅሎ፣ መግሉ ፈስሶለት አልሐምዱ ሊላህ ድኗል። ቀዷውን በሸዋል ጨረሰ፤ እኛም አብረነው ጾምን።