ኬሊ ጆንሰን፦ ለስሌት የሚታዘዝ አለቃ

የምሕንድስና ቡድን መሪ ምን ዓይነት ሰው ቢሆን ይመረጣል? ጥያቄው ለአስተዳደር ትምህርት ብቻ የሚተው ይመስላል። ይሁን እንጂ በዚህ ሙያ መሪው ሰዎችን ቢያዝም የመጨረሻውን ቃል የምትናገረው ተፈጥሮ ናት። ስለዚህ ጉዳዩ የፊዚክስ ተማሪንም ይመለከታል። ለምሳሌነት የመረጥነው በአሜሪካ የሎክሂድ ኩባንያ መሐንዲስ የነበረውን ክላረንስ ጆንሰንን (1910–1990) ነው፤ ባልደረቦቹ «ኬሊ» ይሉት ነበር። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጆንሰን በ1933 ሲቀጠር ዕድሜው 23 ነበር። ኩባንያው ተስፋውን የጣለበት «ኤሌክትራ» የተባለው አውሮፕላን ሞዴል በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የነፋስ መፈተኛ ዋሻ ተመርምሮ ውጤቱ ተቀባይነት አግኝቷል። በተማሪነቱ በምርመራው የተሳተፈው ጆንሰን ግን «ይህ አውሮፕላን በበረራ ላይ ሚዛኑን አይጠብቅም» የሚል አስተያየት ለአዲሶቹ አለቆቹ አቀረበ። የበላዩ መሐንዲስ ሆል ሂባርድም ወጣቱን ሞዴሉን አስይዞ ወደ ዋሻው መልሶ ላከው። ከ72 ሙከራዎች በኋላ አንድ የነበረው ቋሚ ጅራት ሁለት እንዲሆን ተደረገ። በበኩሌ በዚህ ታሪክ ከጆንሰን ይልቅ የማደንቀው ሂባርድን ነው፤ የጀማሪን ቃል ሰምቶ ለማጣራት ወጪ የሚያወጣ አለቃ በየትም አገር ብርቅ ነው።

ጆንሰን በ1943 የራሱን ቡድን አቋቁሞ «ኤክስ ፒ 80» የተሰኘውን የጄት ተዋጊ አውሮፕላን በ180 ቀናት ሊያደርስ ተዋዋለ፤ በ143 ቀናት አደረሰ። የሰው ቁጥር እጅግ ውስን ነበር፤ ንድፍ አውጪዎቹም ብረት ከሚቆረጥበት ከዎርክሾፑ አጠገብ ይሠሩ ነበር። ሪፖርት እንዲያጥር፣ ጠቃሚ ሥራ ግን በጥንቃቄ እንዲመዘገብ ያዝ ነበር። ጠባዩ ቁጡ ነበር፤ ይህን ከእርሱ መውረስ አያስፈልግም።

ሰውየውን በይበልጥ የሚገልጸው ግን ያልተሠራ አውሮፕላን ነው። በ1956 ጆንሰን በፈሳሽ ሃይድሮጂን የሚበር የስለላ አውሮፕላን ለመሥራት ለአየር ኃይሉ ሐሳብ አቅርቦ ውል ተሰጠው። ሐሳቡ ማራኪ ነበር። አንድ ኪሎ ግራም ሃይድሮጂን ሲቃጠል 120 ሜጋ ጁል ያህል ኃይል ይሰጣል፤ አንድ ኪሎ ግራም ላምባ የሚሰጠው ግን 43 ያህል ነው። እስቲ አሁን በሊትር እናስላው። አንድ ሊትር ፈሳሽ ሃይድሮጂን 0.07 ኪሎ ግራም ብቻ ስለሚመዝን የሚሰጠው 8.4 ሜጋ ጁል ነው። 0.8 ኪሎ ግራም የሚመዝን አንድ ሊትር ላምባ ደግሞ 34 ይሰጣል። እንግዲህ ለእኩል ኃይል የአራት እጥፍ ጋን ያስፈልጋል ማለት ነው። ፈሳሹ ከዜሮ በታች 253 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ስለሚፈላ በቀጫጭን ክንፎች ውስጥ ሊያዝ አይችልም፤ የአውሮፕላኑ አካል መወፈር አለበት። አካሉ ሲወፍር የአየር ተቃውሞ ይጨምራል፤ ተቃውሞው ደግሞ የተጨመረውን ነዳጅ ይበላዋል።

ጆንሰን የበረራውን ርቀት ከዚህ ወዲያ እምብዛም ማሳደግ እንደማይቻል ሲረዳ ሥራው እንዲቋረጥ ራሱ ለአየር ኃይሉ መከረ፤ ያልወጣውንም ገንዘብ አስመለሰ። ውል የፈረመ፣ ሠራተኛ የመደበ፣ ስሙን ያስያዘ ሰው ነው ይህን ያደረገው። በቤተ ሙከራ ሪፖርት ላይ ቁጥሩን ወደሚፈለገው መልስ «የሚያስጠጉ» ተማሪዎቻችን ይህን ልብ ቢሉት እወዳለሁ።

ቡድኑ ወደ ላምባ ዘር ነዳጅ ተመልሶ ከድምፅ ፍጥነት ሦስት እጥፍ በላይ የሚበረውን «ኤ 12»ን ሠራ፤ መጀመሪያ የበረረው በ1962 ነው። አካሉ በአብዛኛው ቲታኒየም ነበር። በበጋ የተበየዱ አንዳንድ ክፍሎች ቶሎ ሲበላሹ በክረምት የተበየዱት ይጸኑ ነበር። መሐንዲሶቹ መዝገቡን ወደ ኋላ ሲመረምሩ ምክንያቱ የከተማው የቧንቧ ውሃ ሆኖ ተገኘ። በበጋ አልጌ እንዳይበቅልበት ክሎሪን በብዛት ይጨመርበት ነበር፤ ክሎሪኑም በእጥበት ጊዜ ቲታኒየሙን ይጎዳዋል። ከዚያ በኋላ ክፍሎቹ በተጣራ ውሃ ይታጠቡ ጀመር።