አስማእ ከሐበሻ ምን ይዛ ተመለሰች?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

የዛሬው ደርሳችን እህቶች ለዒልም ብለው ከአገር ስለሚወጡበት ጉዞ ነው። ርዕሱን የመረጥኩት በየዓመቱ ከመካከላችን የውጭ ስኮላርሺፕ የሚደርሳቸው እህቶች ስላሉ ነው። ደብዳቤው ሲመጣ ጀመዐው ደስ ይለዋል፤ ከሳምንት በኋላ ግን ቤተሰብ ዝም ይላል፣ ጎረቤት ያማል፣ ቀኑም ያልፋል። ስለዚህ ወደ ታሪካችን እንመለስ።

አስማእ ቢንት ዑመይስ (ረ.ዐ) ከባለቤቷ ከጃዕፈር ኢብኑ አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ) ጋር ወደ ሐበሻ የተሰደደች ሶሐቢያ ናት። ልጇን ዐብደላህን የወለደችው እዚሁ ሐበሻ ነው። ረጅም ዓመታት ቆይታ በ7ኛው ዓመተ ሂጅራ፣ ኸይበር በተከፈተችበት ጊዜ መዲና ገባች። ቡኻሪና ሙስሊም እንደዘገቡት፣ አንድ ቀን ሐፍሷ (ረ.ዐ) ዘንድ ሳለች ዑመር (ረ.ዐ) መጣና በሂጅራ እንደቀደሟቸው፣ ለረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ይበልጥ የሚቀርቡትም እነሱ እንደሆኑ ነገራት። አስማእ ተቆጣች። እናንተ የተራበው በሚበላበት፣ ያላወቀው በሚማርበት ቦታ ነበራችሁ፤ እኛ ግን በሩቅ ባዕድ አገር ነበርን የሚል መልስ ሰጠችው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) እስኪሰሙም አልበላም አልጠጣም አለች። ነገሩን ስታቀርብላቸው ለዑመርና ለባልደረቦቹ አንድ ሂጅራ፣ ለመርከቡ ሰዎች ደግሞ ሁለት ሂጅራ እንዳላቸው ነገሯት። ከዚያ በኋላ እነ አቡ ሙሳ አል-አሽዐሪይ በቡድን በቡድን እየመጡ ይህን ሐዲስ ከእሷ ይጠይቁ ነበር።

ሌላም ነገር ይዛ ነበር የተመለሰችው። የረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ልጅ ፋጢማ (ረ.ዐ) የሴት ጀናዛ ጨርቅ ብቻ ጣል ተደርጎበት፣ የገላ ቅርፅ እየታየ መወሰዱ እንደሚከብዳት ለአስማእ አጫወተቻት። አስማእም በሐበሻ ያየችውን ላሳይሽ አለቻት። እርጥብ የዘንባባ ዝንጣፊ አስመጥታ አጎበጠችው፣ በላዩም ጨርቅ አለበሰችው። ፋጢማ በጣም ወደደችው፤ ስትሞትም እንዲሁ እንዲደረግላት ተናዘዘች። ዘገባውን በይሀቂና ኢብኑ ዐብዲልበር አስፍረውታል። የእኛው አገር ልማድ በአንዲት ስደተኛ ሴት ዓይን ታይቶ መዲና ድረስ ሄደ ማለት ነው። እኛ ሐበሾች ስለ ነጃሺ ስናወራ ይህችን ታሪክ ለምን እንደምንዘላት አይገባኝም።

አሁን 500 ዓመት ያህል ወደፊት እንለፍ። ሰዕድ አል-ኸይር የሚባል የአንደሉስ ሰው ነበር፤ አገሩ ቫሌንሲያ ነው። ባግዳድ ውስጥ ከኢማም ገዛሊ ተምሯል፤ ቻይና ድረስ በመጓዙም «አስ-ሲኒ» ተብሏል። በ522 ዓመተ ሂጅራ ፋጢማ የምትባል ልጅ ተወለደችለት። ገና ሕፃን ሳለች ኢስፋሃን ውስጥ ፋጢማ አል-ጁዝዳኒያ ወደምትባል ታላቅ ሙሐዲሳ መጅሊስ ወሰዳት፤ ይህች መምህርት የጦበራኒን ትልቁን የሐዲስ ስብስብ በማስተላለፍ የታወቀች ነበረች። (ሕፃን ምን ሊገባው? የምትሉ አላችሁ። በሐዲስ ትምህርት ግን ከሽማግሌ ዓሊም በልጅነት የሰማ ሰው በስተእርጅናው ሰነዱ አጭር ስለሚሆን እጅግ ተፈላጊ ነው። አባቷ ያሰበው የ70 ዓመቷን ፋጢማ ነው።) ከዚያ ባግዳድ ተማረች፤ ካገባች በኋላ ከባሏ ጋር ደማስቆ፣ ቀጥሎም ካይሮ ኖረች፤ በሁለቱም ከተሞች አስተማረች። ያረፈችው በ600 ዓመተ ሂጅራ ካይሮ ውስጥ ነው። ኢስፋሃን፣ ባግዳድ፣ ደማስቆ፣ ካይሮ፤ ዛሬ አራት አገር ነው፣ ቪዛውን አስቡት።

ልብ በሉ፣ አስማእ የሄደችው ከባሏ ጋር፣ ፋጢማ ደግሞ ከአባቷ ከዚያም ከባሏ ጋር ነው። ይህን ሸፍኜ ባልፍ ውሸት ይሆንብኛል። ሴት ያለ መህረም እንዳትጓዝ የሚከለክለው ሐዲስ ሶሒሕ ነው። የሻፊዒይና የማሊኪይ ዑለማ ለፈርድ ሐጅ ከታማኝ ሴቶች ጋር መሄድን ፈቅደዋል፤ ይህ ለትምህርት ጉዞም ይሠራል ወይ በሚለው ላይ የዘመናችን ዑለማ ይለያያሉ። ፈትዋ መስጠት የእኔ ቦታ አይደለም፤ የምታምኑትን ዓሊም ጠይቁ። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። በእነዚህ ታሪኮች ውስጥ መህረም ማለት ይዞ የሚሄድ ሰው ነበር። ሰዕድ አል-ኸይር ልጁን እንዴት ላስቀራት ብሎ አልተጨነቀም፤ እንዴት ላድርሳት ብሎ ነው የተጨነቀው።

እኛስ? ከየሰፈራችን ስንት እህት ናት ለቤት ሠራተኝነት ወደ ሪያድ፣ ቤይሩት፣ ኩዌት የሄደችው? ከፋላ በሚባለው ሥርዓት የመኖሪያ ፈቃዷ ከአሠሪዋ ጋር ታስሮ፣ በማታውቀው ሰው ቤት ታድራለች። እነሱን ለመውቀስ አይደለም፤ ስንቱን ቤት ያቆመው የእነሱ ላብ ነው። ግን ያን ጊዜ ፓስፖርት ሲወጣ፣ ለደላላ ሲከፈል ስለ መህረም የጠየቀ ሰው ማን ነበር? ጥያቄው ድንገት የሚነሳው የዩኒቨርሲቲ ደብዳቤ ሲመጣ ከሆነ፣ ዲኑ ሳይሆን ገንዘቡ ነው የተናገረው። ይህን በተለይ ለወንድሞች እላለሁ።

መንገድ ለምትፈልግ እህት ጥቂት ልጠቁም። አል-አዝሀር ከ1961ዱ (እ.ኤ.አ.) ሕግ ወዲህ ለሴቶች የተለየ ኮሌጅ አለው። ሪያድ ያለው የልዕልት ኑራ ዩኒቨርሲቲ የሴቶች ብቻ ነው፤ በ2008 (እ.ኤ.አ.) በባንግላዴሽ ቺታጎንግ የተከፈተው የእስያ የሴቶች ዩኒቨርሲቲም እንዲሁ፣ ከብዙ አገሮች ተማሪዎችን ይቀበላል። የቱርክ መንግሥት ስኮላርሺፕ የትምህርት ክፍያን፣ ማደሪያንና የአውሮፕላን ትኬትን ይሸፍናል፤ ለማመልከትም ክፍያ የለውም፣ ስለዚህ «አስገባልሻለሁ» ብሎ ብር የሚጠይቅሽን ሰው ሽሺው። ፓስፖርትና ትራንስክሪፕት አስቀድመሽ አዘጋጂ፤ ዕድል የሚያመልጠው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ነው። ደብዳቤው ሳይመጣ በፊትም አባትሽን አማክሪ፤ ድንገት ሲሰማ እንቢ ያለ አባት ከመጀመሪያው ቢማከር አብሮ ያስብ ነበር። ወንድምሽ ወይም ባልሽ አብሮ የሚማርበትን አገር ፈልጉ፤ ካልተገኘ የእህቶች ማደሪያ ያለበትን።

በሚቀጥለው ሐለቃ ከዐስር ሶላት በኋላ በዚህ ላይ እንወያያለን። ወንድሞች አንድ ጥያቄ ይዛችሁ ኑ፦ እህታችሁ ነገ ደብዳቤ ቢመጣላት ምን ታደርጉላታላችሁ? «ዱዓ» ብቻ ብላችሁ እንዳትመጡ።

ወላሁ አዕለም።