አሮጌውን አምፕሊፋየር ከገመድ አልባ የሙዚቃ መቀበያ ጋር ስለማገናኘት

በማኅበራችን መሰብሰቢያ ክፍልና በየመኖሪያ ቤቶቻችን ከቀደሙት ተማሪዎች እጅ በእጅ የተላለፉ አምፕሊፋየሮችና ስፒከሮች አሉ። ካሴት ከቀረና የሲዲ ማጫወቻዎቹ ከተበላሹ ወዲህ አብዛኞቹ አቧራ ለብሰው ተቀምጠዋል። በቅርቡም እነዚህ ዕቃዎች ተጥለው በምትካቸው ትልቅ ገመድ አልባ ስፒከር ይገዛ፣ ወጪውም ለአዲስ ገቢ ተማሪዎች መቀበያ ከተዋጣው ገንዘብ ይሸፈን የሚል ሐሳብ ቀርቧል። እኛ በዚህ ሐሳብ አንስማማም። ያልተስማማንበትን ምክንያት ለማስረዳትና ሥራው እንዴት እንደሚሠራ ለማሳየት ይህን ጽሑፍ አዘጋጅተናል።

በመሠረቱ አምፕሊፋየር ሙዚቃው ከየት እንደመጣ አያውቅም። ከሸክላም ይምጣ ከካሴት፣ ከሬዲዮም ይምጣ ከኢንተርኔት፣ ለእሱ የሚደርሰው አነስተኛ የኤሌክትሪክ ሞገድ ነው፤ ተግባሩም ያንን አጉልቶ ስፒከሩን ማንቀሳቀስ ነው። ይህ ተግባር ከ50 ዓመት በፊት እንደነበረው ዛሬም ያው ነው። የተለወጠው ምንጩ ነውና መለወጥ ያለበትም ምንጩ ብቻ ነው። ስትሪመር የሚባለው መዳፍ የማይሞላ መሣሪያ ሙዚቃውን በዋይፋይ ተቀብሎ ወደዚያው የኤሌክትሪክ ሞገድ ይለውጠዋል። ከዚያ በኋላ ለአምፕሊፋየሩ እንደ አንድ ተጨማሪ ቴፕ ነው።

የሚያገናኛቸው ገመድ ተራና ርካሽ ነው፤ ቀዩ ጫፍ የቀኝ፣ ነጩ (አንዳንዴ ጥቁሩ) የግራ ነው። ስትሪመሩ ያለው እንደ ጆሮ ማዳመጫ ያለ ባለ 3.5 ሚሊሜትር ቀዳዳ ከሆነ፣ በአንድ ጫፉ ያንኑ ጃክ በሌላው ቀይና ነጩን የያዘ ገመድ ይገዛል። ጥንቃቄ የሚጠይቀው የት ይሰካ የሚለው ነው። በአምፕሊፋየሩ ጀርባ «ኦክስ»፣ «ቲዩነር»፣ «ሲዲ» ከተባሉት በየትኛውም ላይ ቢሰካ ይሠራል። «ቴፕ» ከተባለው ደግሞ ድምፅ በሚያስገባው ጥንድ ላይ ይሰካል፤ ለመቅጃ የተሠራው ጥንድ ድምፅ የሚያወጣ ስለሆነ አያገለግልም። «ፎኖ» የተባለው ግን ፈጽሞ አይነካም! የሸክላ ማጫወቻ መርፌ የሚያመነጨው ጥቂት ሚሊቮልት ብቻ ስለሆነ ፎኖ ያንን ብዙ እጥፍ ያጎላል፤ በሸክላው ላይ ሆን ተብሎ የተቀነሰውን ወፍራም ድምፅም መልሶ ይጨምራል። ስትሪመር እስከ 2 ቮልት ስለሚያወጣ በዚያ ቀዳዳ ሲገባ ከሚጠበቀው በመቶዎች እጥፍ ይበልጣል። ውጤቱ የሚያጓራ ድምፅ ነው፤ ስፒከሩንም ሊያቃጥል ይችላል።

ገመዱ የሚሰካው አምፕሊፋየሩ ጠፍቶ፣ ቮልዩሙም ዝቅ ብሎ ነው። ከዚያ የስትሪመሩን ቮልዩም ወደ ላይ ከፍ አድርጎ በአምፕሊፋየሩ መመጠን ይሻላል። ስትሪመሩን ከኮምፒዩተር ኃይል ስናቀብለው ብዙ ጊዜ እምምም የሚል ድምፅ ይሰማል፤ በራሱ ቻርጀር፣ አምፕሊፋየሩ በተሰካበት ሶኬት ላይ ቢሰካ በአብዛኛው ይጠፋል። ባለ አምስት ቀዳዳ ክብ ሶኬት ላላቸው የድሮ የአውሮፓ ሬዲዮኖች መለወጫ ገመድ ይሸጣል። ምንም ማስገቢያ የሌለው ቴፕ ያለው ሰውም በካሴት ቅርጽ የተሠራውን ባለ ገመድ ማገናኛ መጠቀም ይችላል።

አብዛኛው ሰው የሚሰናከለው ግን በገመዱ ሳይሆን በኔትወርኩ ነው። የዩኒቨርሲቲ መኖሪያ ኔትወርክ እያንዳንዱን ተጠቃሚ በስሙና በይለፍ ቃሉ ያስገባል። ስትሪመሩ ስክሪን የለው፣ መጻፊያ የለው፣ በር ላይ ይቀራል። ቢገባም እንኳ እንዲህ ያሉ ኔትወርኮች ብዙ ጊዜ አንዱ ዕቃ ሌላውን እንዳያይ ስለሚከለክሉ ስልካችን ፈልጎ አያገኘውም። ዕቃው ምንም ሳይሆን ተበላሽቷል ተብሎ ወደ ሱቅ የሚመለሰውም በዚህ ምክንያት ነው። የኮምፒዩተር ክፍሉ የዕቃውን መለያ ቁጥር የሚመዘግብ ከሆነ መጠየቅ ይገባል። ካልሆነ ግን በመኖሪያ ሕንፃ ለሚኖሩ የምንመክረው የብሉቱዝ መቀበያ ነው፤ ኔትወርክ አይፈልግም፣ ዋጋውም ያንሳል።

ብሉቱዝ ግን የራሱ ጉድለት አለው። ሙዚቃው በስልኩ በኩል ስለሚያልፍ የስልኩ ባለቤት ወጣ ሲል ዘፈኑም አብሮት ይወጣል፤ በጭፈራው መካከል ስልክ ሲደወልም ሙዚቃው ይቋረጣል። ስትሪመር ግን ከኢንተርኔት በቀጥታ ስለሚቀበል ስልኩ ማዘዣ ብቻ ነው። ስለ ጥራት ብዙ ይወራል፤ ሲዲ በሴኮንድ 1,411 ኪሎቢት ሲይዝ ተራው ብሉቱዝ ቢበዛ ወደ 330 ገደማ ያስተላልፋል። በእስክስታ መካከል ይህን የሚለይ ጆሮ ግን እስካሁን አላጋጠመንም። ልዩነቱ የሚጎላው በስፒከሩ ነው፦ በገና በስልክ ድምፅ ሲሰማ የንብ እምቢልታ ይመስላል፤ በእነዚያ ትላልቅ ሣጥኖች ሲሰማ ግን ወፍራሙ ጅማት ደረት ድረስ ይዘልቃል።

አሁን ወደ ገንዘቡ ጉዳይ እንመለስ። ጉግል «ክሮምካስት ኦዲዮ» የተባለውን ስትሪመር እ.ኤ.አ. በ2015 አውጥቶ በ2019 ማምረቱን አቆመ። አፕል በ2004 ያወጣውን «ኤርፖርት ኤክስፕረስ» በ2018 አቋረጠ። ሶኖስም በ2020 ለአሮጌ ዕቃዎቹ አዲስ ማሻሻያ መስጠቱን አቁሟል። ምንጩ ቶሎ ያረጃል፤ አምፕሊፋየርና ስፒከር ግን ይቆያሉ። ሁለቱ ተለያይተው ከተያዙ አንዱ ሲያረጅ የምንጥለው ትንሹን ዕቃ ብቻ ነው። በአንድ ሣጥን የታሸገውን ከገዛን ግን ባትሪው ሲደክም ወይም ኩባንያው ሲተወው ሁሉንም አብረን እንጥላለን፤ የአዲስ ገቢዎቹም ገንዘብ አብሮ ይሄዳል።

የማኅበሩ ክፍል የራሱ ራውተር ስላለው ለዚያ አንድ አነስተኛ ስትሪመር ይበቃል። የብረት ሣጥን ሞገዱን ስለሚከልል ከአምፕሊፋየሩ ጀርባ ሳይሆን ከላዩ ወይም ከጎኑ ይቀመጥ። ለዓመታት ያልተከፈተ አምፕሊፋየር መጀመሪያ ሲበራ ሰው አጠገቡ ይሁን፤ የመቃጠል ሽታ ካለ ወዲያው ይነቀል። ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ውስጡ ኤሌክትሪክ ይዞ ስለሚቆይ ሙያው የሌለው ሰው ክዳኑን አይፍታ። ቀይና ነጭ ገመድ የተረፋችሁ ከሚቀጥለው ስብሰባ በፊት አምጡልን፤ ሁለት ሜትር ያህል ይበቃናል።