ሰውነት ሙቀቱን እንዴት ይጠብቃል?

እንሽላሊት ጧት ጧት ድንጋይ ላይ ወጥታ ፀሐይ የምትሞቀው ለደስታ ብቻ አይደለም። የሰውነቷ ሙቀት ከአካባቢዋ የሚገኝ ስለሆነ፤ ፀሐይ ካልሞቀች እንደ ልብ መሮጥ አይቻላትም። ወፎችና አጥቢ እንስሳት ግን ሙቀታቸውን ከሚበሉት ምግብ ራሳቸው ያመነጫሉ፤ ቢበርድም ቢሞቅም በአንድ ልክ ለመጠበቅ ይጥራሉ። ደመ ሞቃት መባላቸውም ስለዚህ ነው። የጤነኛ ሰው የውስጥ ሙቀት 37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ነው።

የዚህ ሥራ ተቆጣጣሪ በአንጎል ሥር የሚገኘው ሃይፖታላመስ የተባለው ትንሽ ክፍል ነው። ብርድ ሲሆን የቆዳ ደም ሥሮች እንዲጠቡ፤ ጡንቻዎችም እንዲንቀጠቀጡ ያዛል፤ ከመንቀጥቀጡም ሙቀት ይገኛል። ሙቀት ሲበዛ ደግሞ ደም ሥሮቹ ይሰፋሉ፤ ላብም ይወጣል። ነገር ግን ላብ የሚያቀዘቅዘው ስለ ወጣ ሳይሆን ስለ ተነነ መሆኑን ማስተዋል ይገባል። አንድ ሊትር ላብ ሲተን 580 ኪሎ ካሎሪ ያህል ሙቀት ይዞ ይሄዳል፤ ተንጠባጥቦ መሬት የወደቀው ግን ከንቱ ነው። ውሻም ምላሱን አውጥቶ የሚያለከልከው በአፉና በመተንፈሻው ውኃ ለማትነን ነው።

ይህን የሚያስረዳ አንድ የቆየ ሙከራ አለ። በ1774 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ቻርልስ ብላግደን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ከባልንጀሮቹ ጋር ሆኖ ለንደን ውስጥ እጅግ ወደ ጋለ ክፍል ገባ። የአየሩ ሙቀት ውኃ ከሚፈላበት አልፎ እስከ 127 ዲግሪ ደርሶ ነበር። በዚያው ክፍል የተቀመጠው ሥጋና እንቁላል ሲበስል፤ ሰዎቹ ግን በደኅና ወጡ። ቆይታቸው አጭር ነበር፤ አየሩም ደረቅ ስለ ነበረ ላባቸው ቶሎ ይተን ነበር። አየሩ እርጥብ ቢሆን ኖሮ ባልቻሉትም ነበር።

እንግዲህ ለማትነን ውኃ ያስፈልጋል። ውኃ በሌለበት በረሃስ? በ1953 እና በ1954 የኖርዌይ ተወላጁ ክኑት ሽሚት ኒልሰን ከባልደረቦቹ ጋር በአልጄሪያ ሰሐራ ግመሎችን መረመረ። ውኃ ያጣ ግመል የሰውነቱ ሙቀት ጧት 34 ዲግሪ ያህል ሆኖ ከሰዓት በኋላ ከ40 በላይ ይወጣል፤ ሌሊት በብርዱ መልሶ ይጥለዋል። በላብ ሊያወጣ የሚገባውን ሙቀት እስከ ማታ በሰውነቱ አከማችቶ በማቆየቱ፤ በቀን አምስት ሊትር ያህል ውኃ ይቆጥባል። ጠጉሩም ከፀሐይ ይከልለዋል፤ የተሸለተ ግመል ካልተሸለተው በግማሽ ያህል የበለጠ ውኃ አጥቷልና። ሻኛው የውኃ ማሰሮ ነው የሚባለውም ስሕተት ነው፤ ያለበት ስብ ነው።

ውድ አንባቢ፤ ይህ ለፈተና ብቻ የሚጠና ነገር አይደለም። አዲስ የተወለደ ሕፃን ገላው እርጥብ ነው፤ ጎልማሳውን በበረሃ የሚያድነው መትነን፤ ሕፃኑን በብርድ ቤት ሊገድለው ይችላል። ሕፃኑ እንደ እኛ ተንቀጥቅጦ መሞቅ አይችልም፤ ያለው በአንገቱና በትከሻው መካከል በተለይ የሚገኝ ሙቀት የሚሰጥ ቡናማ ስብ ነው፤ ያለ ጊዜው የተወለደው ይህም እንኳ ያንሰዋል። በ1978 በኮሎምቢያ ዋና ከተማ በቦጎታ፤ ማሞቂያ መሣሪያ ስላነሰ፤ ዶክተር ኤድጋር ሬይ ትንንሾቹ ሕፃናት በእናታቸው ደረት ላይ ገላ ለገላ እንዲታቀፉ አደረገ። ዛሬ ይህ ዘዴ በብዙ አገር ይሠራበታል።

በአገራችን በብዙ ቤት ሕፃን እንደ ተወለደ የማጠብ ልማድ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ግን ወዲያው ተጠርጎ እንዲደርቅ፤ ከእናቱ ገላ ጋር እንዲሆን፤ እጥበቱም እስከ 24 ሰዓት እንዲቆይ ይመክራል። ለዕረፍት ወደየቤታችን ስንሄድ፤ በተለይ ደጋ አገር ላሉት እናቶችና አዋላጆች ይህን ከነምክንያቱ በትሕትና ማስረዳት የእኛ የተማሪዎች ፈንታ ነው።