አየር በደጋና በቆላ፦ ከእንጅባራ እስከ ፓዌ

በአዊ ዞን ከምትገኘው ከእንጅባራ ተነሥቶ በቻግኒ በኩል ወደ ፓዌ የሚወርድ መንገደኛ በጥቂት ሰዓታት ጉዞ ውስጥ ጋቢውን አጣጥፎ ለማስቀመጥ ይገደዳል። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ወደ በለስ ሸለቆ የተወሰዱት በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰፋሪዎች ግን የገጠማቸው የልብስ ለውጥ ብቻ አልነበረም። ከወሎ፣ ከሰሜን ሸዋና ከሌሎችም ደጋና ወይና ደጋ አገሮች የመጡት እነዚህ ወገኖች በአዲሱ ስፍራ ወባ ጠብቋቸዋል፤ በሬዎቻቸውንም ገንዲ ፈጅቷል። ከጥንት ጀምሮ በቆላው የሚኖሩት ጉሙዞችም መሬታቸው ለሠፈራው ሲወሰድ ተገፍተዋል። የዚህ ትምህርት ዓላማ አንድን አየር የሚተነፍሱ ሁለት ጎረቤት አገሮች ስለምን ይህን ያህል እንደሚለያዩ ማስረዳት ነው።

፩. አየር ከምን ተቀናበረ?

ደረቅ አየር ከመቶ እጅ 78ቱ ናይትሮጅን፣ 21 እጅ ያህሉ ኦክስጅን ሲሆን ከቀሪው አብዛኛው አርጎን የተባለው ጋዝ ነው። ይህ ቅንብር በእንጅባራም ሆነ በፓዌ አይለወጥም።

ናይትሮጅን በብዛት ቢገኝም አዝርዕት በቀጥታ ከአየር ሊወስዱት አይችሉም። በባቄላና በአተር ሥር የሚኖሩ ጥቃቅን ባክቴሪያዎች ግን ከአየር ወስደው ለተክሉ ያቀርቡለታል። የፋግታ ለኮማ ወረዳ ገበሬዎች ለከሰል የሚያለሙት ዲከረንስ የተባለው የግራር ዓይነትም እንዲሁ ናይትሮጅንን ወደ አፈር ከሚያስገቡ ዕፀዋት ወገን ነው።

ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከመቶ 0.04 እጅ ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ከምድር የሚወጣውን ሙቀት ስለሚይዝ ሚናው ከመጠኑ በላይ ነው። ፋብሪካዎች ከመስፋፋታቸው በፊት ከአንድ ሚሊዮን እጅ አየር ውስጥ 280 እጅ ያህል የነበረው ዛሬ ከ420 በላይ ደርሷል።

ከቦታ ቦታና ከወቅት ወቅት እጅግ የሚለዋወጠው የውሃ ተን ነው። በበረሃ ከምንም የማይቆጠር ሲሆን ሞቃትና እርጥብ በሆነ አገር እስከ 4 እጅ ሊደርስ ይችላል።

፪. የአየር እርከኖች

የመጀመሪያው እርከን ትሮፖስፌር ይባላል። በእኛ የምድር ወገብ አቅራቢያ ከፍታው ወደ 16 ኪሎ ሜትር ይደርሳል፤ ደመናም ዝናብም የሚፈጠሩት በዚሁ ውስጥ ነው። ከርሱ በላይ እስከ 50 ኪሎ ሜትር ስትራቶስፌር ይገኛል፤ ጎጂውን የፀሐይ ጨረር የሚከላከለው ኦዞን በብዛት ያለው በዚህ እርከን ነው። ከዚያም ሜሶስፌርና ቴርሞስፌር ይከተላሉ።

አየር ክብደት ስላለው የላይኛው የታችኛውን ይጫናል። ስለዚህ ከጠቅላላው አየር ግማሹ ከባሕር ወለል በላይ ባለው 5.5 ኪሎ ሜትር ውስጥ ታምቆ ይገኛል። ወደ 2,560 ሜትር ከፍታ ላይ ባለችው በእንጅባራ የአየሩ ግፊት የባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። የኦክስጅን ድርሻ 21 እጅ እንደሆነ ቢቀርም በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው መጠን በሩብ ያህል ይቀንሳል። ውሃም በ100 ሳይሆን በ91 ወይም በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል። በደጋ ባቄላ ለመብሰል ብዙ ማገዶ የሚፈጀው በዚህ ምክንያት ነው።

፫. ከፍታ፣ ሙቀትና በሽታ

በትሮፖስፌር ውስጥ አንድ ኪሎ ሜትር በወጣን ቁጥር ሙቀቱ በአማካይ በ6.5 ዲግሪ ይቀንሳል። ፓዌ ወደ 1,100 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች ከእንጅባራ በ9 ዲግሪ ያህል ትሞቃለች ማለት ነው። ይህ ቁጥር የሰውን ዕድል ይወስናል። አደገኛው የወባ ዓይነት ሙቀቱ ከ18 ዲግሪ በታች በሆነ አገር በትንኟ ሰውነት ውስጥ እድገቱን ሊፈጽም አይችልም፤ በሞቃት ቆላ ግን በ10 ቀን ገደማ ይፈጽማል። ስለዚህ ከደጋ የወረደው ሰፋሪ ሰውነቱ ወባን የመቋቋም ልምድ ሳይኖረው ለበሽታው ተጋለጠ። ገብስና ድንች የለመደው ገበሬም በማሽላና በሰሊጥ አገር እርሻን እንደገና መማር ነበረበት።

ዝናብም በዚሁ ሕግ ይመራል። በክረምት ከምዕራብና ከደቡብ ምዕራብ የሚነፍሰው እርጥብ ነፋስ የጎጃምን ደጋ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፤ ተኑም ወደ ውሃ ተለውጦ በዳንግላና በእንጅባራ ይዘንባል። ተራራ ብቻውን ግን ዝናብ አይወልድም። በ1976 ዓ.ም. ክረምት በወሎና በትግራይ ደጋዎች ዝናቡ የጎደለው እርጥበቱን የሚያመጣው ነፋስ ስለደከመ ነው። ነፋሱ በአንድ አገር ሲደክም የዚያ አገር ሰው ነፋሱ ወደ ደረሰበት አገር ይሰደዳል፤ የበለስ ሠፈራም ከዚህ ተነሣ።

፬. ከዚህ የምንማረው

ሠፈራን የሚያቅድ ሰው መሬቱንና ውሃውን ብቻ ሳይሆን አየሩንም መለካት ይኖርበታል። ሰውን ከ2,500 ሜትር ወደ 1,100 ሜትር ማውረድ አገር እንደማስለወጥ ይቆጠራል። አጎበርና መድኃኒት፣ ለቆላ የሚስማማ ዘር፣ ለከብቶችም ሕክምና ከሰፋሪው በፊት መድረስ አለባቸው። የቆላው ነባር ነዋሪም መብቱ ተጠብቆ ዕውቀቱ ሊጠየቅ ይገባል።

ይህ ትምህርት በደጋ ለሚቀሩትም ይሠራል። በሞቃት ዓመታት ወባ ወደ ከፍተኛ ስፍራዎች እንደሚወጣ በአገራችን ተረጋግጧል። ከ2,000 ሜትር ብዙም ላልራቀችው ለዳንግላ አንድና ሁለት ዲግሪ ቀላል ነገር አይደለም። ትናንት ሰው ወደ ቆላ ወረደ፤ አየሩ መሞቁን ከቀጠለ ነገ ቆላው ራሱ ወደ ደጋ ይወጣል። ስለዚህ የጤና ባለሙያውም የግብርና ሠራተኛውም የየዕለቱን ሙቀትና ዝናብ መዝግቦ መያዝን ከሥራው ዋና ክፍል ሊቆጥረው ይገባል።