በዘጌ ደን ውስጥ በእግር ለሚሄዱ

ጥያቄ፦ ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናቴ በጣና ዳር ጥቂት በእግር መሄድ ይመኛሉና የትኛውን መንገድ ይመክሩናል?

መልስ፦ ከባሕር ዳር በጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ተጉዘው የሚደርሱበት የዘጌ ባሕረ ገብ ምድር፣ ቡናው በታላላቅ ዛፎች ጥላ ሥር የሚበቅልበት፣ ገዳማቱም በደኑ ውስጥ ተሰውረው ስብሐተ እግዚአብሔር የሚያደርሱበት ስፍራ ስለ ሆነ፣ ለእናትዎ ከዚህ የተሻለ አላውቅም። ከጀልባው ወርደው ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት የሚያደርሰው መንገድ ጥቂት ዳገት ቢኖረውም ጥላ አይለየውም፤ ድንጋዩና የዛፉ ሥር ግን በክረምት ስለሚያዳልጥ፣ ጉዞውን የቡናው ፍሬ በሚቀላበት በኅዳር ያድርጉት፤ ምርኩዝም ያስይዟቸው። እዚያም ጫማቸውን አውልቀው፣ የመቅደሱን ግድግዳ ዙሪያውን የሸፈነውን ሥዕለ ቅዱሳን ሳይቸኩሉ ይመልከቱ። ክብራን ገብርኤል ግን ሴቶች የማይገቡበት ገዳም ስለ ሆነ፣ በዕቅድዎ ውስጥ አያስገቡት።