በዩቲዩብ የሚታየው ድራማዬ ገቢ የማን ነው?

ከሊማሊሞ ሥር፣ ከድብ ባሕር የጻፉልን አንባቢ ድራማ ደርሰው ጎንደር ላለ አዘጋጅ በቃል ስምምነት ሰጥተዋል፤ ራሳቸውም ተውነውበታል። የተከፈላቸው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ድራማው አሁን ዩቲዩብ ላይ ማስታወቂያ ይገባበታል። «ድርሻ የለኝም ወይ?» ይላሉ።

መጀመሪያ እኔ ልጠይቅዎ፦ ጽሑፉን የሰጡት ቀድመው ጽፈውት ነው ወይስ አዘጋጁ አዝዞዎት? የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 በቅጥር ወይም በትእዛዝ የተሠራን ሥራ፣ የተለየ ስምምነት ከሌለ፣ የአሠሪው ወይም የአዛዡ ያደርገዋል። ታዝዘው ከሆነ ያለ ውል ድርሻ መጠየቅ ይከብዳል። ቀድመው ከጻፉት ግን ባለቤቱ እርስዎ ነዎት፤ መብቱ የሚገኘው በመጻፍዎ እንጂ በመመዝገብ አይደለም። ይህን መብት ማስተላለፍ የሚቻለውም በጽሑፍ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1727 ደግሞ በጽሑፍ እንዲሆን ሕግ ያዘዘው ውል ተዋዋዮች ካልፈረሙበትና ሁለት ምስክሮች ካላረጋገጡት አይጸናም። እናም ገንዘቡን መቀበልዎ ብቻ መብቱን ሸጠዋል አያሰኝም። አዘጋጁ «በፈቃዱ ነው የቀረጽነው» ብሎ መከራከሩ አይቀርም፤ ስለዚህ ረቂቁን፣ የቴሌግራም መልእክቶችንና የባንክ ደረሰኙን እንዳያጠፉ።

ታዝዘው ቢጽፉት እንኳ የደራሲነት ስምዎ የእርስዎ ነው። ስምዎ ከድራማው ተፍቆ ከሆነ ይህ ራሱን የቻለ ጥሰት ነው፤ አዋጁ ለሞራል ጉዳት ካሳ ዝቅተኛውን መጠን 100,000 ብር አድርጎታል።

በትወናው በኩል ለካሜራ ፈቅደው ስለቆሙ ክርክሩ ይጠብብዎታል። በሠርግ ላይ ሳይፈቅድ በስልክ ተቀርጾ ዘፈኑ የተለቀቀበት አዝማሪ ከእርስዎ የተሻለ መከራከሪያ አለው፤ ያልተቀረጸን ክዋኔ ማስቀረጽ ወይም መከልከል የከዋኙ መብት ነውና።

የገቢ ድርሻ ጉዳይ ሆሊውድም ቢሆን የተፈታው በውል ነው። በፈረንጆቹ 2023 ጸሐፊዎቹ 148፣ ተዋንያኑ 118 ቀን ሥራ አቁመው፣ በኢንተርኔት ከሚሠራጭ ሥራ የሚያገኙት ክፍያ ከተመልካች ቁጥር ጋር እንዲያያዝ ታገሉ። ጸሐፊዎቹ ባገኙት ውል፣ በመጀመሪያዎቹ 90 ቀናት ከአሠራጩ ድርጅት የአገር ውስጥ ደንበኞች ቢያንስ 20 በመቶው ያዩት ሥራ ተጨማሪ ክፍያ ያስገኛል። እኛ ጋ ይህን የሚደራደር ጠንካራ ማኅበር በሌለበት ሁሉ ነገር በአንድ ወረቀት ላይ ይወድቃል፤ ይህ ደግሞ ያሳስበኛል።

ዩቲዩብ ከረዥም ቪዲዮ የማስታወቂያ ገቢ 55 በመቶውን የሚከፍለው ለቻናሉ ባለቤት ነው፤ ደራሲውን አያውቀውም። ስለዚህ በሚቀጥለው ውልዎ «ከቻናሉ ገቢ ይህን ያህል በመቶ፣ በየሦስት ወሩ፣ የዩቲዩብ የገቢ ገጽ ለደራሲው ታይቶ ይከፈላል» የሚል አንቀጽ ያስገቡ። ቻናሉ ውጭ አገር ባለ ሰው ስም ከሆነ ያ ሰውም ይፈርም። ለቴሌቪዥን ቢሸጥ ወይም ወደ ሌላ ቋንቋ ቢመለስ ክፍያው ስንት እንደሆነ ለየብቻ ይጻፍ።

ለወጣው ድራማ አሁኑኑ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይስጡ፤ ቅጂውንም ይያዙ። ሁለተኛ ምዕራፍ ካለም ውል ሳይፈረም እንዳይቀረጽ።